የማን ጭራ ነው አገጬ ላይ ያለው?

ፀጉር ቤት ገብታችሁ ምላጭ ሲቀየር አይታችኋል አይደል? ሰውየው አዲሱን ምላጭ ከነወረቀቱ ዓይናችሁ ሥር ያመጣል። ያሳያችኋል። ወረቀቱን ይልጣል፣ ለሁለት ይሰብረዋል፣ ግማሹን መያዣው ውስጥ ከትቶ ቀጭ ያደርጋል። እናንተም እንደ ዳኛ ራሳችሁን ነቅነቅ ታደርጋላችሁ። ይሄ ሥነ ሥርዓት ከኤድስ ትምህርት ጋር የመጣ ነው። ዛሬ የተላጩበትን ምላጭ ይዞ የሚጠጋን ሰው ቢኖር፣ ፎጣው አንገታችን ላይ እንደታሰረ ከደሴ ፒያሳ ሸዋ በር ድረስ በሩጫ ነው።

ብሩሹንስ? ብሩሹን ማን ጠየቀ!

የአሁኖቹ ልጆች እንኳ ብሩሽ ትተዋል። አረፋውን ከቆርቆሮ ፊስስ አድርገው ይቀቡሃል፣ ወይ በማሽን ጠረግ ጠረግ አድርገው ይሸኙሃል። እኔ የምሄደው ግን ዛሬም በሳሙናና በብሩሽ የሚሠሩ አንድ አባት ጋ ነው። ሱቃቸው የት እንደሆነ አልናገርም፤ ምላጭ ከሚይዝ ሰው ጋር ነገር አያምርም።

እኚህ አባት ሰሞኑን አዲስ ብሩሽ አግኝተዋል። ጅዳ ያለች የእህታቸው ልጅ ናት የላከችው። ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «ወንድሜዋ፣ ይችን እያት እስቲ» አሉኝ። አየኋት። እጀታዋ ቀንድ ለመምሰል የሚታገል ፕላስቲክ ነው። ፀጉሯ ሥሩ ነጣ፣ መሃሉ ጠቆር፣ ጫፉ መልሶ ነጣ ያለ።

«ኦሪጅናል የአውሬ ፀጉር ናት። ይሄ የቻይና ላስቲክ እንዳይመስልህ።»

«የምን አውሬ ነው ጋሼ?»

«የአውሬ ነዋ!»

እንዳላመንኩ ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ። አንዷን ፀጉር ከብሩሹ ነቀሉና ክብሪት ጫሩባት። ፀጉሯ ተጨራመተች፣ ወደ ውስጥ ተጠቀለለች፣ ጣታቸው መሃል ጥቁር ዱቄት ሆና ቀረች። ቤቱን የተለበለበ የበግ ጭንቅላት ሽታ ሞላው። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ «ወላሂ ኦሪጅናል ናት! ማሻአላህ!» ብለው መሰከሩ። ላስቲክ ቢሆን ቀልጦ ጠብታ ይሆን ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠለቅ አደረጉት፣ ሳሙናው ላይ አሽከረከሩት፣ ወደ አገጬ መጡ። ሥሩ ላይ ከእኔ በፊት የተነሱት ሰውዬ አረፋ ገና አልደረቀም።

ይሄን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው የማን ፀጉር ነው የሚለውን ጨርሶ ኮሚቴው ተበትኗል።

«በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» ይችን ተረት ሰበብ ፈልጌ ነው የምተርታት። ለሌላ አገር ሰው ተረት ናት፣ ለደሴ ሰው ግን የከተማ ፕላን ናት። እዚህ ሳር ካየህ አጠገቡ ገደል አለ። የጦሳ ተራራ ከላይ ሆኖ ያየናል፣ አዝዋ ገደል ደግሞ ስሙን ደብቆን አያውቅም። ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ ካልክ የሐረጎ ቁልቁለት አለልህ፤ መኪናው ፍሬን ፍሬን ይሸታል፣ ከኋላ ወንበር ዱዓና ውዳሴ ማርያም ተቀላቅሎ ይሰማል፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል።

ኮምቦልቻን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልተንፍስ። ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ፣ ገና ከሚኒባስ ሳይወርድ፣ «እናንተ እዚህ ብርድ ውስጥ እንዴት ነው የምትኖሩት?» ይለኛል። መሃላችን 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከሳይቤሪያ የመጣሁ ያስመስለኛል። ጨርቃጨርቁ እናንተ ጋ፣ ቢራው እናንተ ጋ፣ ኤርፖርቱ እናንተ ጋ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እናንተው ጋ። እኛ ጋ የቀረው ብርዱ ነው፤ እሱንም ወጥታችሁ ታማርሩታላችሁ። በስንት ሰዓት እንደሚመለስ የሚጠይቅ ዘመድ ደግሞ አንድም አልገጠመኝም፤ ያድራል፣ ያውም በኔ ባና።

እሺ፣ ብሩሹ።

የተፈጥሮ ፀጉር የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ውዱ የባጀር ነው። ባጀር የአውሮፓና የእስያ አውሬ ነው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው። ፀጉሩ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ደህና አድርጎ ይይዛል። ዛሬ ለብሩሽ የሚሆነው የባጀር ፀጉር በአብዛኛው የሚመጣው ከየት መሰላችሁ? ከቻይና! ጋሼ ይሄን ቢሰሙ ሱቁን ዘግተው የሚሄዱ ይመስለኛል። ከዚያ የፈረስ አለ፣ ከጭራና ከጋማ የሚሠራ። ከዚያ ደግሞ ርካሹና ጠንካራው አለ። መጀመሪያ ሲገዛ ይወጋል፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይፈልጋል፣ እያደረ ጫፉ ይሰነጠቅና ይለሰልሳል። እሱ የአሳማ ነው።

አዎ፣ አሳማ።

ደሴ ውስጥ አንድ ግቢ ሁለት ሃይማኖት መያዙ ብርቅ አይደለም። አባት ከመስጊድ፣ እናት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው አንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሥጋ ላይ ብቻ እንለያያለን፤ ሠርግ ቢሆን ለዚህኛው ለብቻ ይታረዳል፣ ለዚያኛው ለብቻ። አሳማ ላይ ግን ልዩነት የለንም። ሸኹም መምሬውም እኩል ፊታቸውን ያዞሩበታል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ ልጅ ሆኜ መጸየፍ አያምርብኝም ይሆናል። አዳራሹ ግን የተሠራው ግብር ለማብላት ነው እንጂ ለብሩሽ አይደለም።

እና ታዲያ አፌ አያርፍም፣ አገጬ በአረፋ እንደተሞላ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የአሳማ ቢሆንስ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ቀድሞኝ የተላጨ ሰው፣ ማንም ያላየው መስሎት አገጩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«አስተግፊሩላህ! የፈረስ ነው!» አሉ ጋሼ።

«ቅድም አውሬ ነው አላሉም?»

«የዱር ፈረስ!»

ክብሪቱ እዚህ ላይ አይረዳም። የአሳማም፣ የፈረስም፣ የባጀርም፣ የኔም ጭንቅላት ፀጉር ሲቃጠል አንድ ዓይነት ነው የሚሸተው፤ ሁሉም የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ክብሪት ላስቲክን ከፀጉር ይለያል እንጂ ሐላልን ከሐራም አይለይም። መሃሉ መጥቆሩም ዋስትና አይሆንም። የአሳማውን ፀጉር መሃሉን ቀለም ነክረው ባጀር ያስመስሉታል። ላስቲኩንም እንደዚያው። የባጀር ነገር ምን እንዳደረጋቸው እንጃ፣ ሁሉም እሱን ለመምሰል ይቀባባል።

ደግሞ የፈረስ ነው ብዬ ብቀበልስ፣ መች ተገላገልኩ! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ጢማቸውን የተላጩ ሰዎች ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ቁስል ይወጣባቸው ጀመር። ወታደሩም ሲቪሉም። የሞተም ሞተ። ሲመረመር አባ ሰንጋ ሆኖ ተገኘ። አዎ ያው አባ ሰንጋ፣ ገበሬያችን በሬው ድንገት ሲወድቅበት የሚያውቀው። ከየት መጣ ተብሎ ሲፈለግ ብሩሹ ላይ ተደረሰ። ባጀር እንዲመስል የተሠራ የፈረስ ፀጉር ነው፣ ከእስያ የገባ፣ ጀርሙ እስኪሞት በቅጡ ያልጸዳ። እ.ኤ.አ. በ1920 እንግሊዝ ከጃፓን የሚመጣ የመላጫ ብሩሽ አገሯ እንዳይገባ እስከ መከልከል ደረሰች። ያ ሁሉ ብሩሽ ቢቃጠል የበግ ጭንቅላት ይሸት ነበር እኮ። ኦሪጅናል ነበር። በነገራችን ላይ አባ ሰንጋ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተደብቆ መቆየት ይችላል፣ ከብቱም የሚያገኘው ሲግጥ ነው። ስለዚህ ያ በሬ ገደሉን ቢያይም ኖሮ ሳሩ አይምረውም ነበር። ተረቷ ላይ ይሄን የሚጨምርልኝ ጠፋ።

አሁን ላስቲክ እያልን የምንንቀውን እንይ። ናይለን ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ለጥርስ ብሩሽ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት ፈረንጁ ጥርሱን ይፍቅ የነበረው በአሳማ ፀጉር ነው። እኛ መፋቂያችንን ይዘን ነበርና አልነካካንም፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ጠዋት አፋችሁ ውስጥ ያስገባችሁት ናይለን ነው። ለድዳችሁ የተስማማ ነገር ለጉንጫችሁ የሚያንሰው በምን ሒሳብ ነው? ላስቲኩ ውሃ አይመጥም። ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። አራገፍ አራገፍ ስታደርጉት ይደርቃል። ይሄ ደግሞ ለደሴ ትልቅ ነገር ነው። ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ሲገባ፣ ካልሲ እንኳ ለመድረቅ ቀጠሮ በሚያስይዝበት ከተማ፣ ውሃ የጠጣ የአውሬ ፀጉር መቼ ሊደርቅ ነው? እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ እርጥብ ሆኖ ይነሳል፣ ከአንዱ አገጭ ወደ አንዱ አገጭ ላሽ ይሁን ሌላ፣ ያገኘውን ይዞ ይዞራል።

ባጀር ለስላሳ አይደለም አላልኩም። ለስላሳ ነው። ቤቱ ሆኖ ብቻውን የሚላጭ፣ አጥቦ የሚያደርቅ፣ ገንዘብም ያለው ሰው ቢገዛው ደግ አደረገ። እኔን የሚያቃጥለኝ «ኦሪጅናል» ከተባለ ሌላ ጥያቄ ሁሉ የሚዘጋው ነገር ነው። ያ ጥግ ላይ የነበረው ሰውዬ፣ «ላስቲክማ ፊት ያበላሻል» እያለ ሲያስረዳን የነበረው፣ ከጃኬቱ እስከ ካልሲው ፖሊስተር ነው። እንኳን እሱ፣ በበዓል የምንለብሰው ጥበብ ራሱ ስንቱ በማሽን የታተመ ፖሊስተር ሆኗል! ማንም ክብሪት አይጭርበትም። ቅቤ ገዝተን የሙዝ ቁራጭ አግኝተንበታል፣ ማር ገዝተን ስኳሩ ከሥር ረግቶ አይተናል፤ «ኦሪጅናል የገጠር ነው» ያልተባለ ግን አንዱም አልነበረም።

ኮቱስ! ኮቱን ሳልናገር ብሞት ዓይኔ አይከደንም። ዓመታት አልፈውታል፣ ለሠርግ ኮት ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሰውዬው «ንጹህ የእንግሊዝ ሱፍ፣ ኦሪጅናል» አለኝ። ጨርቁን በጣቱ እያሸ፣ እስትንፋሱን እያሰማ፣ ልጁን የሚድር እስኪመስል ድረስ። ዋጋውም የእንግሊዝ ነበር። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ካውያ አስነካሁት። እጅጌው ካውያው ላይ ተጣበቀ። ስስበው መጣ፣ እንደ ማስቲካ ሳይሆን ራሱ ማስቲካ ሆኖ። ሱፍ እንዲህ አይሆንም፤ ሱፍ ቢያር ያው ፀጉር ነው የሚሸተው። ይዤለት ተመለስኩ። ዓይኑን ሳያሽ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ችግሩ ካውያህ ነው። ኦሪጅናል ካውያ ግዛ።»

ሠርጉን በሹራብ ዋልኩ። ፎቶው አለ፣ ሙሽራው አጠገብ የቆመው ከብት ጠባቂ የሚመስለው እኔ ነኝ። ሰውዬው አሁንም ሱቁ አለ፣ እንዲያውም አስፍቶታል፣ ሰላም ሲለኝ ደግሞ አያፍርም። በሱቁ በኩል ላለማለፍ ስል ሰኞ ገበያ ስሄድ ዞሬ ነው የምሄደው። እናንተም ሱፍ ነው ሲሏችሁ ከውስጥ ስፌቱ በኩል አንድ ክር መዝዛችሁ ክብሪት ጫሩ። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

የት ነበርኩ? ብሩሽ። በአጭሩ፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እስከ ሥሩ ይታጠብ፣ ከተቻለም ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ይሁን፣ የሚደርቅበትም ጊዜ ያግኝ። ይሄን ለጋሼም በትሕትና ነግሬያቸዋለሁ። «አብሽር፣ አረፋው ራሱ ያጥበዋል» አሉኝ።

ስለዚህ አሁን የራሴን ይዤ ነው የምሄደው። ናይለን ናት፣ እጀታዋ አረንጓዴ። ሳሙናውንም እኔው ነኝ የማመጣው። ሒሳብ ግን አልቀነሱልኝም።