«የተለያዩ» ስንል ምን ለየን?

ባለፈው ሳምንት ለአርትዖት ከቀረቡልኝ ዜናዎች አንዱ «የተለያዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች በተለያዩ ጉዳዮች ላይ የተለያዩ አስተያየቶችን ሰጥተዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። በሰዋስው በኩል እንከን የለውም፤ ይሁን እንጂ ሦስት ጊዜ «የተለያዩ» ብሎ አንዱን ነገር ከሌላው አልለየም። ዘጋቢውን ጠርቼ ማን ምን እንዳለ ብጠይቀው ሳያመነታ ዘረዘረልኝ፤ አርሶ አደሮቹ ማዳበሪያ ዘግይቶ እንደደረሳቸው፣ ነጋዴዎቹ መንገዱ ክረምት ሲገባ እንደሚቆረጥ፣ መምህራኑ በአንድ ክፍል የሚታጨቀው ተማሪ ከልክ በላይ መብዛቱን ተናግረዋል። ልጁ ልዩነቱን በጆሮው ሰምቶ፣ በማስታወሻው ይዞ ነበር የመጣው፤ ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን ለይቶ ያመጣውን ሁሉ መልሶ ቀላቀለው።

ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ አላላክክም፤ እኛ የሚዲያ ሰዎች ሁላችንም ይህን ቃል «ብዙ» ወይም «አንዳንድ» ለማለት ስለምናውለው፣ ልዩነትን ሊያሳይ የተሠራው ቃል ልዩነትን መሸፈኛ ሆኗል። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ የደረሰው በ«ለየ» ላይ መሆኑ ነው። ምክንያቱም አማርኛ እንደዚህ ግስ አድርጎ ያራባውና ያሠራው ቃል ጥቂት ነው። ገና ያልበሰለን ልጅ «ክፉና ደግ ያልለየ» እንለዋለን። ሐሰቱ ከእውነት ጋር የማይምታታውን ሰው «የለየለት ውሸታም»፣ ሲያጠራጥር ቆይቶ የቆረጠውን ነገር «ለየለት» እንላለን። ሁለት ቡድኖች ሳይሸናነፉ ሲቀሩ «አቻ ተለያዩ» ብለን፣ አሸናፊው መታወቅ ካለበት ወደ «መለያ ምት» እንሄዳለን። የምንወደው ሰው ሲያርፍ «በሞት ተለየን» ብለን እናለቅሳለን። በግእዝ «ፈለጠ» ማለት ለየ፣ ከፈለ ማለት ነው፤ ትግርኛ ይህንኑ ግስ «ዐወቀ» ለማለት ሲጠቀምበት እኛ እንጨት እንፈልጥበታለን። አንዱን ከሌላው መለየትና ማወቅ በአንድ ሥር መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቋንቋው ግን በ«ለየ» ብቻ አላበቃም። እናቴ እህል ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጦ ያደገ ሰው፣ መለየት አንድ ሥራ እንዳልሆነ ያውቃል። እህሉ አውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ተሰጥቶ ገለባው ቢወገድም ቤት የሚገባው ገና ከነእብቁ ነው። እናቴ በሰፌድ ወደ ላይ እያነሣች ስታበጥረው ቀላሉ እብቅ በሰፌዱ ጫፍ በኩል ይበንናል። ቀጥላ ሰፌዱን በክብ እያዞረች ስታንጓልለው ጠጠሩ ከፍሬው ይለያል። ዱቄት ሆኖ ሲመለስ በወንፊት ትነፋዋለች፤ እዚህ ላይ የሚለየው ክብደት ሳይሆን መጠን ነው። እንክርዳድ ግን በመልክም በመጠንም ስንዴን ስለሚቀርብ ከሰፌዱም ከወንፊቱም ያመልጣል። እሱን የምትለቅመው ብርሃን በሚገባበት በር ላይ ተቀምጣ፣ ፍሬውን በሌባ ጣቷ እየገፋች፣ አንድ በአንድ እያየች ነበር፤ ካልተለቀመ የበላውን ሁሉ ያዞራል። ማበጠር፣ ማንጓለል፣ መንፋት፣ መልቀም፤ እያንዳንዱ ቃል መለየቱን ብቻ ሳይሆን በምን እንደተለየ ጭምር ይነግረናል።

አሁን የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶችን እንመልከት። «ችግሮች ተለይተዋል» የሚለው ሐረግ ያልገባበት ሪፖርት ማግኘት ይቸግራል። በምን ተለዩ? መዝገብ ተመርምሮ ነው፣ ተገልጋይ ተጠይቆ ነው፣ የዘንድሮው አኃዝ ከአምናው ጋር ተነጻጽሮ ነው ወይስ በስብሰባ ላይ ተገምቶ? መመርመር፣ ማጣራት፣ ማነጻጸር፣ ማመሳከር፣ መገመት የሚሉ ግሶች በእጃችን እያሉ፣ አንዱንም ሳይመርጥ «ተለይተዋል» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ አንባቢው ሥራውን የሚመዝንበትን ሚዛን ይነሣዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን «ልዩነት» በሚለው ስም ላይ የተጫነው ሸክም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ እኩል ጥበቃ እንዲያገኙ ሲደነግግ፣ ቃሉ እዚያ ላይ የቆመው ለአድልዎ ነው፤ አገባቡም ግልጽ ስለሆነ ማንንም አያሳስትም። በየዕለቱ ዜናና ንግግር ውስጥ ግን «በመካከላችን ያለው ልዩነት ሊወገድ ይገባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያለ ምንም ማብራሪያ ይወረወራል። ተናጋሪው ምናልባት የሁለት ወገኖችን ቅራኔ ማለቱ ነው። ደመወዙ አነስተኛ የሆነው ሠራተኛ የገቢ መበላለጥ የተነሣለት ይመስለዋል፤ በማንነቱ ምክንያት ከሥራ የተገፋው ሰው ስለ አድልዎ የተነገረ አድርጎ ይሰማዋል። አፉን የፈታበት ቋንቋ ከጎረቤቱ የሚለይበት ሰው ደግሞ እንዲወገድ የተፈለገው የራሱ ቋንቋ እንደሆነ አድርጎ ቢረዳውና ቢከፋው አልፈርድበትም። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ይህ አሻሚነት እንደ ቀላል የአጻጻፍ ግድፈት ሊታይ አይገባውም። ቅራኔን ቅራኔ፣ አድልዎን አድልዎ፣ መበላለጥን መበላለጥ ብንለው፣ «ልዩነት» ማንም እንዲወገድ የማይጠይቀውን፣ ሰዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ብቻ ለመግለጽ ነፃ ይሆን ነበር።

ዘጋቢው ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር በሦስት ከፍሎ መልሶ ጻፈው። አርሶ አደሮቹና ነጋዴዎቹ ያሉት ለየብቻው ሲሰፍር ግን አንድ ጥያቄ መጣበትና ስልኩን አንሥቶ ወደ ወረዳው ደወለ፤ ማዳበሪያው የዘገየው ነጋዴዎቹ ባማረሩበት በዚያው መንገድ መቆረጥ ምክንያት ነበር።