ከጥቁሩ ድንጋይ ስር የተቀበረውን ስምጥ እንስማው

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ጣርማ በር ላይ የሚያጋጥመውን ያውቃል። ብርዱ ጋቢ ያስጠቀልላል፣ ከእግር ስር ደግሞ የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ያ ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ ይሄን ያልተማረ የለም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለማይታየው ነው። ከእነ መንዝና ሞረት አምባ ስር ተቀብሮ ሊኖር ስለሚችለው፣ ከዚህኛው በጣም ስለሚያረጀው ስምጥ።

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ስትሄዱ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ መውረድ ግድ ነው። እዚያ መንገዱ ራሱ ያስተምራል። ከላይ ጥቁር ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። ዝቅ ስትሉ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም። ዛሬ እዚያው እንሳሮ ውስጥ ሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ላይ የተኛ ጭቃ ነበር። የዓባይን ሸለቆ ያጠኑ ጂኦሎጂስቶች ደግሞ ባዛልቱ ከመምጣቱ በፊት አካባቢው ተስቦ የተሰነጠቀ አሮጌ ስምጥ እንደነበረበት ጽፈዋል። ጀማ ቆርጦ ያሳየን ግን አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ስር ምን አለ? ደብረ ብርሃን ስርስ?

እናቴ ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሳይስሚክ ማለት በአጭሩ ይሄ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ታፈነዳለህ፣ ወይም በከባድ መኪና መሬቱን ታንቀጠቅጣለህ። ሞገዱ ወደ ታች ሄዶ ድንጋዩ በተቀየረበት ሁሉ ጥቂቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል። መሬት ላይ የተደረደሩት መስሚያዎች የመጣበትን ሰዓት ይመዘግባሉ፤ ያ ሁሉ ሲደመር የመሬቱ ሆድ እንደተቆረጠ ዳቦ ይታያል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ነው። ስምጥ ውስጥ የተከማቸ ደለል መሬቱ ወደ ሰመጠበት ስንጥቅ እየተጠጋ ሲሄድ ይወፍራል፣ ሲርቅ ይሳሳል፤ በላዩ ኋላ የመጣው ደለል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ተራራ የሠራው ገንዳ ሌላ ነው። ጠፍር አልጋ ላይ ከባድ ሰው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ጠፍር እንደሚረግበው፣ ተራራም በክብደቱ አጠገቡ ያለውን መሬት ያጎብጠዋል፣ ጉድጓዱም ከተራራው በሚታጠብ ደለል ይሞላል። ከሂማላያ ስር ያለው የጋንጀስ ሜዳ እንዲህ ነው የተፈጠረ። ተራራው ታጥቦ ቢያልቅ እንኳ የደለሉ ቅርጽ ከመሬት ስር ይቀራል፣ ሳይስሚኩም ያነበዋል።

«ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ የማጀቴን ከተማ ላስታውሰው። በግንቦት 1953 ዓ.ም በካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ከተማዋ ፈራርሳለች። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ ሲናወጥም ብዙዎቻችን ከቤት ወጥተን አድረናል። አሮጌ ስንጥቅ ደግሞ ሞተ ተብሎ አይታመንም። አሜሪካ ውስጥ ኒው ማድሪድ የሚባለውን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 የደበደበው ርዕደ መሬት የመጣው ከሚሲሲፒ ወንዝ ደለል ስር ከተቀበረ፣ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው ስምጥ ነው።

የነዳጅም ጉዳይ አለ። ኦጋዴን ላይ የካሉብ ጋዝ የተገኘው ከኖራ ድንጋዩ ስር እንዲህ ያለ አሮጌ ስምጥ በመኖሩ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ወረኢሉ ላይ ዘይት ከመሬት ሲንጠባጠብ ታይቷል።

ሥራው ቀላል ነው አልልም። ባዛልት ክፉ ነው። ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ስለተነባበረ ሞገዱን ይበታትነዋል፣ ከስሩ ያለው ይደበዝዛል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ፣ ረዘም ያለ የመስሚያዎች መስመር፣ የስበትና የኤሌክትሪክ ልኬት አብሮ ይፈልጋል። ግን ተሠርቶ ያውቃል። በጥር 1995 ዓ.ም ኢግል በተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ መሣሪያ ዘርግተው፣ ፈንጂ አፈንድተው፣ ስምጥ ሸለቆውን የሚያቋርጥ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር አጥንተዋል።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። አንድ ጊዜ የድሮ የሳይስሚክ ወረቀቶችን ለማየት አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብቼ ወራት ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ ያሳዩኝ አቧራ የለበሰ ካርቶን ነበር፤ ጥቅሎቹ ጠርዛቸው በእርጥበት ተያይዞ ስንፈታቸው ይቀደዱ ነበር። ያን መስመር እንደገና ለመሥራት የሚወጣውን ገንዘብ አስቡት። ያለው ዳታ ስካን ይደረግ፣ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ለሌሎቹም ይከፈት። ልጆቹ እዚሁ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ፈቃድ ሰጪውም ያለ ጥቅም የተቀመጠ ወረቀት ላይ ሚስጥር የሚል ማኅተም አይምታብን።

አዲሱ መስመር የት ይዘርጋ ብትሉኝ ከመሐል ሜዳ እስከ ጀማ እላለሁ። ጀማ ላይ ሲደርስ መሣሪያው የሰማውን ገደሉ ላይ በዓይናችን አይተን እናረጋግጠዋለና።