«ሠራተኛው ራሱ ነው የለመነን»

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የተጋበዙ አሠሪ የጡረታ መዋጮን ሠራተኛውም የማይፈልገው ሁለተኛ ግብር ነው ሲሉ ሰማኋቸው። ሠራተኞቻቸው «ቤዚካችን (መሠረታዊ ደመወዛችን) ዝቅ፣ አበላችን ከፍ ይበልልን» እያሉ ራሳቸው እንደሚለምኗቸውም ነገሩን። እሳቸውም ሆደ ቡቡ ናቸውና እሺ ብለዋል።

ለምኖስ እንደሆን? ለቅጥር ሲቀመጥ «የተጣራ ስንት ይበቃሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ሆነና ነው! ጥያቄው እጅ ላይ ስለሚገባው ብቻ ከሆነ መልሱም ስለዚያው ይሆናል።

አንድ የደመወዝ ስሊፕ ልዘርጋ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ነው፤ ለስሌት እንዲመች ቁጥሩን አጠጋግቼዋለሁ። ጠቅላላው 15,000 ብር፣ ቤዚኩ 6,000። ቀሪው 9,000 የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክና የኃላፊነት አበል እየተባለ ተበጣጥሷል። (የኃላፊነቱን ስቀበል የምመራው አንድም ሰው አልነበረኝም።) ጡረታ የሚቆረጠው ከ6,000ዋ ላይ ነው፦ ከእኔ 7 በመቶ፣ 420 ብር፤ ከአሠሪዬ 11 በመቶ፣ 660 ብር። በ15,000ው ቢሰላ ከእኔ 1,050፣ ከእሱ 1,650 ይወጣ ነበር። እንግዲህ እኔ በወር 630 ብር ተረፈኝ፣ እሱ 990። ለማኙ እኔ፣ ብዙ ያገኘው ተለማኙ!

ሒሳቡ ደግሞ እዚያ አያበቃም። ጡረታ የወጣ ሰው በየወሩ የሚከፈለው ከዚሁ ጡረታ ከሚቆረጥበት ደመወዝ ላይ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል። በ6,000 ቤዚክ 3,300 ብር፤ በ15,000 ቢሆን 8,250። በወር 630 ብር «ያተረፈው» ሠራተኛ፣ 60 ሲሞላው በየወሩ 4,950 ብር ይጎድልበታል፤ እስኪሞት ድረስ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጋሼ የጡረታ ወረቀታቸው ሲመጣላቸው ሒሳብ ክፍል ገብተው «ልጄ፣ አንድ ዜሮ ሳትዘሉ አልቀራችሁም» ብለው ነበር። ማንም አንድም ዜሮ አልዘለለም።

«ሕጉ በቤዚክ ይላል» የሚለኝ አይጠፋም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ተጀምሮ ዛሬ የሚሠራበት 1268/2014 ነው፤ ደመወዝ የሚለውም በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈለውን ሙሉ የወር ክፍያ ነው። እውነተኛ አበል አለ፣ አልክድም፤ መስክ የሚወጣ ሰው ውሎ አበል ይከፈለው። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሰው በየወሩ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚገባ «ትራንስፖርት» ስሙን የቀየረ ደመወዝ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰውዬው የኑሮ ውድነትንም አንስተዋል፤ የዛሬ 15 ዓመት የተቆረጠ ብር ዛሬ ምን ይገዛል ነው ነገሩ። ይህን ሲሰማ ራሱን የሚነቀንቀው ብዙ ነው። ጡረታ ግን ያስቀመጡትን ብር ቆጥሮ የሚመልስ ዕቁብ አይደለም። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። የድሮው መዋጮ የሚያስቆጥረው ዓመቱን እንጂ ብሩን አይደለም፤ ብሩ የሚለካው ወደ ማብቂያው ባለው ቤዚክ ነው። ስለዚህ የኑሮ ውድነት የሚያስጨንቃቸው ከሆነ መድኃኒቱ በእጃቸው ነው፤ ቤዚኩን ከፍ ማድረግ። ከጡረታ በኋላ ዋጋው ይሸረሸራል ካሉኝ እሺ፣ ይሸረሸራል። ታዲያ 8,250 ቢሸረሸር ይሻላል ወይስ 3,300?

«ሁለተኛ ግብር» ላሏት ነገር ብዙ ቀለም አላባክንም። ሟች ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የጡረታውን ግማሽ የሚከፍል ግብር ካለ ያሳዩኝና እኔም በደስታ እከፍላለሁ።

ሬዲዮ ጣቢያው ሰውዬውን ዳግም ከጋበዛቸው ጠያቂው አንድ ነገር ብቻ ያንሳልኝ፦ ከ7 በመቶው የተረፈው ሠራተኛው ኪስ ገባ፤ ከ11 በመቶው የተረፈውስ ማን ለምኗቸው ነው እሳቸው ጋ የቀረው?