የሰንጋው ብር የማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ዛፍ ስር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። እኔና ሦስት ሰዎች። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ የልብስ ሱቅ አላት፣ ሦስተኛው ሸምገል ያለ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፣ ሽማግሌውንም «አንተ» ነው የምንለው። የመሀል አገር ሰው እንዳይቀየመን።)

ነገሩን ያስነሳው ባለባጃጁ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ አካባቢ ወንድሙ ቤት ሁለት ቀን አድሮ መምጣቱ ነበር።

«አቦ፣ ኑሮ እዚያ ነው! ነፋሱ ብትል፣ ሆጃው ብትል። እኛ እዚህ በሙቀት እንጠበሳለን፣ እነሱ አርፈው ተቀምጠዋል።» (ሆጃ የቡና ቅጠል ወይም ገለባ በወተት የሚፈላ ነው።)

ባለሱቋ ሳቀች። «ማን ነው አርፎ የተቀመጠው? እስቲ ቀኑን ንገረን። ከእንቅልፍህ ስትነሳ የወንድምህ ሚስት የት ነበረች?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ግን መናገር ይወዳል። እሱ ሲነሳ እሷ ውሃ ቀድታ ተመልሳለች፣ አህያዋ ላይ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ሆጃውን አፍልታለች፣ የማሽላ ቂጣውን ጋግራለች። ትልቋ ልጅ ትምህርቷ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ፍየል ትጠብቃለች፣ ትንሹ ደግሞ ጥጃውን ይዞ ይሮጣል። ወንድሙም አልተኛም። ጫት የሚያጠጣበት ተራ ሌሊት ደርሶት ከውሃ መሳቢያው ሞተር ጋር ሲታገል አድሮ፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ለቀማ ገብቷል፣ ጫት እንደሆነ ከተቆረጠ በኋላ ቀን አይሰጥም፣ አወዳይ የጫት ገበያ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት።

«ይሄ ነው ማረፍ?» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሰንጋ አላቸው፣ ብታዪው! ከቤቱ ጀርባ ታስሮ እንደ ሙሽራ ይጎርሳል።»

ይጎርሳል ያለው ዝም ብሎ አይደለም። በእኛ በሐረርጌ የሚደልበው በሬ ሜዳ አይለቀቅም። ከማሽላው መሀል እየተነቀለ የሚሳሳውን ለጋ፣ ቅጠሉን፣ በኋላም አገዳውን እያመጡ በእጅ ያበሉታል። ሳሩ በጀርባ ይመጣል፣ ውሃው ከዚያው ከጀሪካኑ ነው፣ እበቱም በየጠዋቱ ይጠረጋል።

«ማነው የሚያጎርሰው?» አለች ባለሱቋ።

«እሷና ልጆቹ።»

«ሲሸጥስ ብሩን ማን ይቀበላል?»

ባለባጃጁ ሻዩን አየ። ጡረተኛው ገባ። «አንቺ ደግሞ! ሥርዓት ነው። ወተቱና ቅቤው የሴቷ ነው፣ ወንዱ አይነካውም። በሬው የወንዱ ነው። ይገዛዋል፣ ያርስበታል፣ ገበያ ይነዳዋል።»

«ያረሰበት ስንት ቀን ነው? ያጎረሰችውስ ስንት ነው?»

«እሷ እኮ አልከፋትም» አለ ባለባጃጁ። «ማታ ቁጭ ብላ ‹ዛሬስ ምንም ሳልሠራ መሸብኝ› እያለች ትስቅ ነበር።»

ባለሱቋ የምትመልሰው ያጣች መሰለኝ። ጡረተኛው ነው ድንገት ሌላ ነገር ያመጣው። ልጅ ሆኖ ሐረር አጠገብ ገጠር ሲኖሩ፣ አባቱ ሰንጋውን ለገበያ ሲፈታ እናቱ ጓዳ ገብታ አትወጣም ነበር። በሬው መንገድ እስኪገባ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቱ ያያል። «ለካ እሷን ነው» አለና ዝም አለ። ይህን ተናግሮም ግን በሬው የወንድ ነው ከሚለው ንቅንቅ አላለም።

ባለባጃጁ ስልኩን አውጥቶ ለወንድሙ ደወለለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሰንጋውን መቼ ትሸጠዋለህ? ወንድምየው «ቆይ እሷን ልጠይቃት፣ መኖው እስከ መቼ እንደሚያደርስ እሷ ናት የምታውቀው» አለ።

«ይኸው! ይማከራሉ!» አለ ጡረተኛው። «ይኸው! የምታውቀው እሷ ናት!» አለች ባለሱቋ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

እኔ ለባለሱቋ እፈርዳለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሌሊት ሙሉ ሞተር ሲያስነሳ ያደረን ሰው እንደ ሥራ ፈት ማውራቷ ልክ አልነበረም። በሬው ላይ ግን አልከራከራትም። ነጋዴው በሬውን ሲገዛ ጎኑን ዳብሶ፣ ሻኛውን ጨብጦ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ስንት ጥማድ እንዳረሰ የሚጠይቅ አላየሁም። የሐረር ሰንጋ በበዓል ገበያ ስሙ የሚነሳው በስቡ ነው፣ ያ ስብ ደግሞ የገባው በእሷና በልጆቹ እጅ ነው። መቼ እንደሚሸጥ መጠየቁ ጥሩ ነው፣ ወንድምየውን አመሰግነዋለሁ። በስንት እንደሚሸጥና ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ሲጠይቃት ግን ስልኩ ውስጥ አልሰማሁም።