ሁሉም ሰው አድሚን የሆነበት መሥሪያ ቤት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማይክ ይዘው ስለ አዲሱ ዌብሳይታቸው ተናገሩ። ስማቸውን ትቼዋለሁ፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ነዋሪው የክፍያ ፋይሉን በስልኩ የሚያይበት ዌብሳይት ነው። ሲጀመር የፋይል ቁጥር ያስገባ ሁሉ የፈለገውን ሰው ፋይል ከፍቶ ያይ ነበር። ሰው ጮኸ። ይኸው አሁን መልስ ተሰጠ።

መልሱ ሦስት ነው። ፓስወርድ ስለተጨመረበት «መቶ በመቶ አስተማማኝ» ሆኗል። የሰው ፋይል ሲጎረጉር የተገኘ በሕግ ይጠየቃል። «ሠራተኛው ሁሉ ለምን ሁሉንም ፋይል ያያል?» ብሎ ለጠየቀ ደግሞ «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ሠራተኛን መገደብ አለመተማመን ነው»።

ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። የተናደድኩት ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቤተሰብ ነን! የትኛዋ እናት ናት የቁም ሳጥኗን ቁልፍ ለሰባት ልጅ አባዝታ የምታድለው?

የእናቴን እድር ውሰዱ። አብረው ያለቀሱ፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በላይ ቤተሰብነት ከየት ይመጣል? ግን ጸሐፊው ገንዘብ አይነካም። ገንዘብ ያዡ መዝገብ አይጽፍም። ባንክ ያለው ብር ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ሲወጡ ማን እንደወሰዳቸው ይጻፋል፤ ሲመለሱ ይቆጠራሉ። አንድ ጭልፋ ከጎደለ የሰፈር ወሬ ነው። እስካሁን «አላመናችሁኝም» ብሎ ከእድር የወጣ ሰው አላየሁም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ያሉት አያቶቻችንም ፈረሳቸውን ጠልተው አይደለም።

እድሩ ይቅር። እዚያው መሥሪያ ቤት ግቡና ያለ ሞዴል 22 (የንብረት ማውጫ ቅጹ) ከንብረት ክፍል አንድ ደስታ ወረቀት አውጡ እስቲ። አታወጡም። ጠያቂው ይፈርማል፣ ፈቃጁ ይፈርማል፣ ተረካቢው ይፈርማል። ባዶ ወረቀት በሦስት ሰው ፊርማ የሚጠብቅ ቤት፣ የነዋሪው ስምና ዕዳ የተጻፈበትን ግን ለሁሉም ዘርግቶ «ቤተሰብ ነን» ይላል። ወረቀቱ ባዶ ስለሆነ ነው መሰለኝ የሚከበረው።

ከወር በፊት ለራሴ ጉዳይ እዚያ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተር ጠርዝ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ከቆምኩበት ይነበባል። ዩዘርኔም፦ አድሚን፤ ሁሉን ማየትም መቀየርም የሚችለው ዋና መግቢያ። ፓስወርዱ የከተማው ስም ሆኖ ከኋላው 123 አለው። ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይም ያው ወረቀት አለ፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ።

«እህቴ፣ የራስሽ መግቢያ የለሽም?» አልኳት።

ሳቀች። «ወንድሜ፣ ሁላችንም በዚህ ነው የምንገባው። እሱ ከተበላሸ ሲስተም የለም።»

በዚህ አገር «ሲስተም የለም» ስንባል ስንት ዓመታችን ነው። እዚህ ግን ቃሉ ቃል በቃል እውነት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ስም የሚገባበት ነገር ሲስተም አይባልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ቀላል አድርጎ የሚያየው ይህን ነው። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የአንድ ባለሀብት ውዝፍ ዕዳ ከፋይሉ ላይ ጠፋ እንበል። ሰኞ ይነቃል። ኦዲተር ይመጣል። መዝገቡ ይከፈታል። «አድሚን ሰረዘ» ይላል። አድሚን ማን ነው? ፎቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ። ዓርብ በ11 ሰዓት ማን ነበር? ሁሉም ነበር፣ ማንም አልነበረም። ታዲያ ማን ላይ ያርፋል? ኃላፊው ላይ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ ላይ በምትቀመጠው፣ ገና በኮንትራት ባለችው፣ ዘመድ በሌላት ልጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ኮምፒውተሯ ክፍት ነበር ይባላል። እሷም «እኔ አይደለሁም» ትላለች። በምን ታስረዳ? በራሷ ስም ብትገባ ኖሮ መዝገቡ ምስክር ይሆናት ነበር። 10:20 ላይ ወጥታለች፣ ከዚያ በኋላ በስሟ የተነካ ነገር የለም ይላት ነበር። የመሰረዝ ሥልጣን ባይሰጣት ኖሮ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ወደ እሷ አይመጣም ነበር። የገንዘብ ተቀባይ ሥራ መቀበል ነው። ስረዛ የሚጠይቅ አንድ ሰው፣ የሚያጸድቅ ሌላ ሰው ነው። ይህ ለሠራተኛ ጃንጥላ ነው። አለመተማመን ብሎ ስም የሚያወጣለት ሰው ዝናብ የማይነካው ብቻ ነው።

እንዲያውም ልንገራችሁ፦ በስሙ መግባት የማይፈልግ ሰው ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው ነው። ማስረጃ አለህ ወይ ካላችሁኝ የለኝም። ማስረጃ እንዳይኖር አይደል እንዴ ሁሉም አድሚን የሆነው?

አሁን ወደዚያ ወደ «መቶ በመቶ»።

ፓስወርድ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ነህ? ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ የምትነካው ነገር ያንተ ነው ወይ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሆስፒታል ዘበኛ መታወቂያችሁን አይቶ ያስገባችኋል። ያ ማለት ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታችሁ ቢላ ታነሳላችሁ ማለት አይደለም። ኢንተርኔት ራሱ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። 401 ማለት «አላወቅኩህም፣ መጀመሪያ ማንነትህን አሳይ» ነው። 403 ማለት «አውቄሃለሁ፣ ግን አይፈቀድልህም» ነው። የኛው ዌብሳይት 403 የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በምን አወቅህ አትሉኝም? ሞከርኩት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። በራሴ ስልክና በራሴ ፓስወርድ ገባሁ። ፋይሌ ተከፈተ። ከላይ የአድራሻው መጨረሻ ላይ የፋይል ቁጥሬ ተቀምጧል። ወዳጄን አስፈቅጄ የኔን ቁጥር አጠፋሁና የሱን ጻፍኩ። ተከፈተ። ስሙ፣ ስልኩ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የሁለት ዓመት ክፍያው። «ይኼ የኔ አይደለም እንዴ!» ብሎ ስልኬን ከእጄ ነጠቀኝ። ሲስተሙ ማን መሆኔን ጠይቆኛል፣ መልሼለታለሁም። የከፈትኩት ፋይል የኔ መሆኑን እንዲያጣራ ግን ያዘዘው ሰው የለም።

ይህ የሐዋሳ ብቻ ጉድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቤት ሽያጭ ሰነዶችን የሚይዘው ፈርስት አሜሪካን የተባለ ግዙፍ ኢንሹራንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተዋረደው በዚሁ ነው። ሊንኩ ላይ ያለውን ቁጥር የቀየረ ሁሉ የሌላ ሰው ሰነድ ያገኝ ነበር። 885 ሚሊዮን ገደማ ሰነድ! የባንክ ሒሳብ ቁጥር የያዘ ሰነድ ሳይቀር። የሶፍትዌር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የሚባለው ድርጅትም የዌብ ሲስተም አደጋዎችን በደረጃ ያወጣል። ማን ምን ማየት ይችላል የሚለውን አለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝሩ 5ኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 1ኛ ወጣ። ኃላፊው መቶ በመቶ ያሉት፣ ዓለም ላይ አንደኛ የሆነውን ቀዳዳ ክፍት ትተው ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ፓስወርዱስ ቢሆን? «ረሳሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ያው የድሮ ፓስወርዴ እንዳለ በቴክስት መጣልኝ። ይህን ስታዩ ደንግጡ። ፓስወርድ በደንብ ከተቀመጠ ባለቤቱ ድርጅት እንኳ መልሶ ሊያነበው አይችልም፤ ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። ዱቄት ተመልሶ ስንዴ አይሆንም። ለዚህ የሚያገለግለው ቢክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። በነጻ። መልሶ ከላከላችሁ ግን ስንዴው ሳይፈጭ ተቀምጧል፣ በሁሉም አድሚኖች ፊት። እዚያ ያስገባችሁትን ፓስወርድ ለኢሜይላችሁም የምትጠቀሙበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩ።

ማስፈራሪያውን በአጭሩ ልለፈው። አዎ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። እሱ ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ከሁለቱ ሕጎች ነዋሪውን የሚመለከተውን ብቻ መርጦ ማንበብ ምን ይባላል? ቤቱን ክፍት ትቶ አላፊ አግዳሚውን «አየህ!» ብሎ የሚከስ ሰው ነው የሆኑት።

«በጀትና ጊዜ የለም» የሚሉኝም አሉ። እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ስለሆነ አትሸውዱኝም። የዌብሳይት መሥሪያዎቹ ጃንጎም ላራቬልም መግቢያውንና የፈቃድ ቁጥጥሩን አብረው ይዘው ነው የሚመጡት። የኔን ፋይል ከወዳጄ ፋይል የሚለየው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የገባው ሰው የፋይሉ ባለቤት ነው? ካልሆነ ከልክለው። አለቀ። ብቻ ይህ ማጣሪያ ሰርቨሩ (ፋይሉን የሚልከው ዋናው ኮምፒውተር) ላይ ይሁን። «መሰረዣ» የሚለውን ቁልፍ ከስክሪን ላይ መደበቅ ከልካይ አይደለም፤ እሱ መጋረጃ ነው። ሳይፈቀድ የቀረው ሁሉ እንደተከለከለ ይቆጠር፣ ከዚያ ገንዘብ ተቀባይ ይህን፣ ሒሳብ ሹም ያንን እያሉ መክፈት ነው። የሚከብደው ኮዱ ሳይሆን ማን ምን ይሠራል የሚለውን አንድ ገጽ ጽፎ መፈረም ነው። ያንን ደግሞ ፕሮግራመር አይፈርምም። ሲስተሙን የሠራውን ልጅ አገኘሁት። «ዝርዝሩን ስጡኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ለሁሉም ክፈተው አሉኝ» አለኝ። ያረጋገጥኩት ነገር የለም፣ ግን አመንኩት።

አንድ ነገር አልክድም። ድሮ ለአንዲት ማረጋገጫ ግማሽ ቀን እንሰለፍ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ተመስገን። ግን ሰልፉ ላይ ስንቆም ቢያንስ ዕዳዬን የሚያውቀው ከኋላዬ ያለው ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ከዚያው ወዳጄ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄድን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመዋል። ከስብሰባው በኋላ አስተካክለውት ይሆን ብሎ ስልኩን አወጣ። በራሱ ስም ገባ፣ መጨረሻ ላይ የኔን ቁጥር ጻፈ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ዓሣ የምታቀርብልን ልጅ እስክትዞር ድረስ ጮክ ብሎ አነበበው።

«የሁለት ወር ውዝፍ አለብህ» አለኝ። «መቼ ነው የምትከፍለው?»