ዕርዳታን ከውርደት የለዩት ሚኒስትር

ስዊድን ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ የአገሬው ተወላጅም ይሁን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሄዶ ሕጋዊ ነዋሪ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ እኩል አበል ይከፈለዋል። ገንዘቡን ለማግኘት ችግሩን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ባርንቢድራግ» የሚሉት ይህ ክፍያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ በወቅቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጉስታቭ ሞለር ናቸው። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራሲ ሲነሣ በአገራችን ቀድሞ የሚጠራው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኦሎፍ ፓልመ ስም ነው፤ ፓልመ ለደቡባዊ አፍሪካ የነፃነት ትግል ከሰጡት ድጋፍ አንጻርም ይገባቸዋል። የተራውን ስዊድናዊ ኑሮ በመለወጥ ረገድ ግን ከሞለር የሚስተካከል ሚኒስትር ነበረ ብዬ አላምንም።

ሞለር በሰኔ 1884 በማልመ ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው በማጣታቸው እናታቸው ብቻቸውን ነው ያሳደጓቸው። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጡም። ከ1916 እስከ 1940 የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲው ዋና ጸሐፊ፣ በመካከሉም የፓርቲው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል። በማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትርነት መጀመሪያ ከ1924 እስከ 1926፣ ከዚያም ፓርቲያቸው ከሥልጣን ውጭ ከነበረባቸው የ1936 የበጋ ወራትና አንድ ዓመት ገደማ የንግድ ሚኒስትር ሆነው ካሳለፉበት ጊዜ በስተቀር ከ1932 እስከ 1951 አገልግለዋል።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት በዘመኑ ስዊድን ውስጥ ድኻ መሆን ምን ያስከትል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1918 ድረስ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ዝቅተኛውን ክፍያ ለጠየቀ ሰው በጨረታ አሳልፎ መስጠት በሕግ አልተከለከለም ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን የተቸገረ ሰው የሚሄደው ወደ አካባቢው የድኾች መርጃ ቦርድ ነው፤ የቦርዱ አባላት ደግሞ ጎረቤቶቹ፣ አንዳንዴም አሠሪዎቹ ናቸው። ለማን ይገባል፣ ለማን አይገባም ብለው ጠባዩንና የቤቱን ጉዳይ መርምረው ይወስናሉ። ኑሮው በዘላቂነት በዚህ ዕርዳታ ላይ የተመሠረተ ሰው እስከ 1945 ድረስ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ሰውዬው ዳቦ ለማግኘት ዜግነቱን ያስይዝ ነበር ማለት ነው። ሞለር ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ከዚህ ሥርዓት ጋር ነው። በዕርዳታው ማነስ ብቻ አልነበረም የሚቆጩት፤ ሰው ለዕርዳታው የሚከፍለው ውርደት ይበልጥ ያስቆጣቸው ነበር።

ለዚህ አቋም ሥልጣን እስከ ማጣት እንደደረሱ የሚያሳየው የስትሪፓ ጉዳይ ነው። በ1920ዎቹ ሥራ አጦችን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ኮሚሽን የሚከፍለው ደሞዝ ከገበያው ያነሰ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ወደ መቱበት ቦታ ሥራ አጦችን ይልክ ነበር፤ አልሄድም ያለ ዕርዳታው ይቋረጥበታል። በ1926 በስትሪፓ የብረት ማዕድን ማውጫ አድማ ሲነሣ ኮሚሽኑ ይህንኑ ሊፈጽም ፈለገ። ሞለር የነበሩበት፣ በፓርላማ አብላጫ ድምፅ ያልነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር ሪካርድ ሳንድለር መንግሥት አልፈቅድም አለ፤ ፓርላማው ድጋፉን ነፈገው፤ መንግሥቱም በሰኔ ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሞለር ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ያንን ኮሚሽን ለማሻሻል ጊዜ አላባከኑም፤ ሥራውን ቀስ በቀስ ከእጁ አወጡ። በ1933 ከገበሬዎች ፓርቲ ጋር በተደረሰው ታዋቂ ስምምነት ለሥራ አጦች በገበያ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ እንዲከፈት ተወሰነ። በ1934 ደግሞ የሥራ አጥነት መድን ጸደቀ። የመድኑን ካዝና የሚያስተዳድሩት በሠራተኛ ማኅበራቱ የተቋቋሙ ፈንዶች ስለሆኑ፣ ሥራ ያጣ ሰው ጉዳዩን የሚያቀርበው ሙያውን ለሚያውቅ ባልደረባው እንጂ ለማያውቀው ሹም አልነበረም። በእኔ ግምት የሞለር ብልኅነት ከሁሉ በላይ የታየው እዚህ ላይ ነው። ሕግ አውጪዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘቡ መጠን ሲጨቃጨቁ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ ይዘነጋሉ፤ እሳቸው አልዘነጉም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የጡረታ ማሻሻያ የዚሁ ሐሳብ ትልቁ ፍሬ ነው። አጥኚው ኮሚቴ ሦስት አማራጮች አቅርቦ ነበር። ርካሹ የአረጋዊውን ገቢ እየመረመሩ መክፈልን፣ ውዱ ግን ያለ ምርመራ ለሁሉም እኩል መስጠትን የሚጠይቅ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤርንስት ቪግፎሽ ስለ ወጪው ይጨነቁ ነበር፤ ጭንቀታቸውም መሠረት ነበረው። በ1946 ፓርላማው ውዱን አማራጭ ተቀበለ፤ ቀኝ ክንፉም ደግፎታል። ከጥር 1948 ጀምሮ ብቸኛ አረጋዊ በዓመት 1000፣ ባልና ሚስት 1600 ክሮና (የስዊድን ገንዘብ) ያለ ምርመራ ያገኙ ጀመር። በዚያው ወር የጀመረው የልጆች አበል ለአንድ ልጅ በዓመት 260 ክሮና ሲሆን የሚከፈለውም ለእናትየዋ ነበር።

«ለሀብታሙ ለምን ይሰጣል?» የሚል ጥያቄ ያኔም ተነሥቷል፤ ዛሬም ይነሣል። መልሱ ለሀብታሙ የተሰጠውን በግብር መልሶ ማግኘት ይቻላል፣ የድኻውን ክብር ግን አንዴ በምርመራ ከተወሰደ መልሶ መስጠት አይቻልም የሚል ነው። ይህን ሲሉ ግን ሞለር በመንግሥት ገንዘብ ላይ እጃቸው የላላ አልነበረም። ያለአግባብ የባከነ እያንዳንዱ የግብር ክሮና ከሕዝብ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል የሚለው በስማቸው የሚጠቀስ አባባል የእሳቸው ነው። ቀላል ሕግ ብዙ መርማሪ፣ ብዙ መዝገብና ብዙ ቢሮ አይፈልግም።

ሰውየውን ስናከብር የጦርነቱን ዘመን መዝለል ግን ተገቢ አይደለም። ፖሊስም፣ የስደተኞች ጉዳይም፣ ሚስጥራዊው የጸጥታ አገልግሎትም በእሳቸው ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። በዚያ ጊዜ የዜጎች ደብዳቤ ተከፍቷል፣ ስልክ ተጠልፏል። ከናዚ ጀርመን ለሚሸሹ አይሁዶች የስዊድን በር ለዓመታት ጠባብ ነበር፤ መከፈት የጀመረው በ1942 መጨረሻ የኖርዌይ አይሁዶች ሲሸሹ ሲሆን፣ በጥቅምት 1943 ባሕር ተሻግረው ለመጡት የዴንማርክ አይሁዶች ደግሞ በሰፊው ተከፈተ። ሰው ዕርዳታ ሲጠይቅ መርማሪ ፊት እንዳይቆም ያን ያህል የተጨነቀ ሚኒስትር ነፍሱን ለማዳን በድንበር የቆመው ሰው መመርመሩን መቀበሉ ከባድ ጥፋት ነው፤ የጦርነቱ አስገዳጅነት ያብራራው ይሆናል እንጂ አይሽረውም።

በጥቅምት 1946 ጠቅላይ ሚኒስትር ፔር አልቢን ሃንሰን በድንገት ሲሞቱ የ62 ዓመቱ ሞለር ተተኪ እንደሚሆኑ ጠብቀው ነበር። ፓርቲው ግን የ45 ዓመቱን ታገ ኤርላንደርን መረጠ። ይህ በጣም አሳዘናቸው፤ በ1951ም ከሚኒስትርነት ለቀቁ። የሕመም መድኑ ዕቅዳቸው ገና አልተተገበረም ነበር። በእሳቸው ዕቅድ ማንኛውም የታመመ ሰው፣ ደሞዙ ምንም ይሁን ምን፣ እኩል የቀን ክፍያ ያገኛል። ተተኪያቸው ጉናር ስትሬንግ ይህን ለውጠው ክፍያው ከደሞዝ ጋር እንዲመጣጠን አደረጉ፤ ሕጉም በ1955 ሥራ ላይ ዋለ። ሞለር በፓርላማ ተቃወሙት። የመንግሥት ግዴታ ማንም ከዚያ በታች የማይወድቅበትን ወለል ማንጠፍ ነው፤ ብዙ ለሚያገኝ ብዙ መክፈል የመንግሥት ሥራ አይደለም ባይ ነበሩ።

በዚህ ክርክር ስትሬንግ ትክክል የነበሩ ይመስለኛል። እኩል ክፍያው አነስተኛ በመሆኑ የተሻለ ደሞዝ ያላቸው ሠራተኞች ወደ ግል መድን መሄዳቸው አይቀርም ነበር፤ እነሱ ከወጡ ደግሞ የቀረው መድን የድኾች ብቻ ሆኖ፣ ሞለር ያፈረሱት የድኾች መርጃ በሌላ ስም ይመለስ ነበር። ሞለር በ1970 እስከ ሞቱ ድረስ ይህን መከራከሪያ አልተቀበሉም።