ዘይት ደፊዎች ዕድሜ ይስጣቸው

ጠብሶ የጨረሰ ሰው መጥበሻውን ይዞ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሲያመራ ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ ልልለት ይቃጣኛል። የተረፈውን ዘይት ቀዳዳው ላይ ይገለብጠዋል፤ ሙቅ ውሃ ይለቅበታል፤ ፈሳሽ ሳሙናም ሳይሰስት ያንቆረቁርበታል። ዘይቱ ድራሹ ጠፋ። እንዲህ ያለ ንጽሕና ወዳድ ሺህ ዓመት ይንገሥ!

ሰነፎቹ ዘይቱን አቀዝቅዘው በጠርሙስ ያጠራቅማሉ፤ መጥበሻውን በወረቀት ጠርገው ወረቀቱን ከቆሻሻ ጋር ይጥላሉ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ እነዚህ ለሳይንስ ምን አበረከቱ? ዘይት እንደሆነ ከውሃ ስለሚቀል ዝም ብለው ቢተዉት በራሱ ጊዜ ተንሳፍፎ ይገፈፋል። ይህን የመሰለ ቀላል ሥራ ፍሳሽ ለሚያጣራ መሐንዲስ መስጠት ሙያውን መናቅ ነው። ደፊዎቻችን ግን ያውቁበታል።

ብልሃታቸው ያለው ሳሙናው ላይ ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት። በመካከል ገብቶ ዘይቱን ዓይን ወደማያያቸው ጠብታዎች ይበታትነውና መልሰው እንዳይዋሃዱ ዘብ ይቆማል። ነጭ፣ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይሆናል፤ ባለሙያዎቹ ኢመልሽን ይሉታል፣ ስሙን ሲጠሩም ፊታቸው ይጨፈግጋል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ካወጣው ሕግ እንደምንረዳው፣ የጠብታው የጎን ስፋት (ዲያሜትሩ) በ10 እጥፍ ሲያንስ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት በ100 እጥፍ ይቀንሳል። የተለመዱት የነዳጅ ማጣሪያ መለያ ገንዳዎች የሚሠሩት 150 ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከዚያ በላይ ስፋት ላላቸው ጠብታዎች ነው። እንዲህ ያለው ጠብታ በሩብ ሰዓት የሚወጣውን ከፍታ፣ ባለ 15 ማይክሮኑ ለመውጣት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ሳሙና ያልተሰሰተለት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

እንግዲህ የሥራ ዕድል ማለት ይህ ነው። አንዱ መሐንዲስ አሉሚኒየም ሰልፌት ጨምሮ ጠብታዎቹን ያጓጉላል፤ ሌላው ደቃቅ የአየር አረፋ ከሥር ነፍቶ ወደ ላይ ያስወጣቸዋል፤ ሦስተኛው በስስ ሜምብሬን፣ ማለትም ደቃቅ ቀዳዳዎች ባሉት ማጣሪያ፣ ያጣራና ሜምብሬኑ በዚያው ዘይት ሲደፈን አጥቦ እንደገና ይጀምራል። ውሃ የሚገፋና ዘይት የሚያሳልፍ የብረት ወንፊትም አለ። በቪዲዮ ሲያዩት ያስደምማል፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም የተነከረ ዘይትና ኩልል ያለ ውሃ ያፈሱበታል። ሁለቱ ግን ወንፊቱ ጋ ሳይደርሱ በፊትም የተለያዩ ነበሩ! ሳሙና የጠጣውን የእኛን ፍሳሽ ቢያቀርቡለት ወንፊቱ ውሃውንም ማሳለፍ ይጀምራል።

ሙቅ ውሃውም ቢሆን ሞቆ የሚቆየው ከቤት እስኪወጣ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ስቡ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል፤ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ ያገኘውን ጨርቅና ሶፍት ሁሉ ያቅፋል። ለንደን ውስጥ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2017 የተገኘው የስብ ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ገደማ ክብደት ነበረው። ሠራተኞች ሳምንታት ፈጅተው ፈልፍለው ካወጡት በኋላ ቁራጩ በ2018 ሙዚየም ገብቶ ለሕዝብ ታየ። በመጥበሻ ሙዚየም የገባ ሌላ ማን አለ?

ደፊያችን ግን ዝና አይሻም። አንድ ቀን ቱቦው ሞልቶ፣ የደፋው ሁሉ ከነጎረቤቱ ድርሻ በዚያው ቀዳዳ ሲመለስለት፣ ስልኩን አንስቶ የፍሳሽ ሠራተኞቹን «ለመሆኑ ደመወዝ የምትበሉት ምን ስትሠሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ውለታው አንዲት ቃል አይተነፍስም።